ሃያ አንድ ሚሊሜትር

ከባልኻሽ ሐይቅ ማዶ፣ ሜዳው በሚያልቅበት፣
(የለም፣ ሜዳው ማለቅ እንቢ በሚልበት)
ጣቢያችን ስም የለው፣ ቁጥር ነው፤ ዘጠኝ።
የሐዲድ ሠራተኛ አግብቶ አመጣኝ።
«ብረት ሲሞቅ ይሰፋል» ይላል ቶሌገን፤
እኔም እሰፋለሁ፤ በመርፌ፣ ቀን በቀን።

በጥር፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሲል ብርዱ፣
ጎንበስ ብሎ ሳለ ከብረት መንገዱ፣
አዲሱ ልጅ ኤርዴን፣ «ይህ ክፍተት ምንድን ነው?
ነፋስ ሊያፏጭበት ነው? ምነው ባንተወው?»
ባሌ ዝም። ጓንቱን በጥርሱ ሳበ፣
ብረቱ ላይ በጠመኔ ሒሳቡን ከተበ።

ርዝመት፣ ሃያ አምስት ሜትር።
እኛ ዘንድ ሐምሌ ዝናብ አያውቅም፣ እሳት ነው፤
ብረቱ ሃምሳ ይገባል። ልዩነቱ፣ ሰባ።
ሃያ አምስት በሰባ፣ ያን በዐሥራ ሁለት፣
ነጥቡን ስድስት ቤት ወደ ግራ ጎትት።

ኤርዴን ከንፈሩ ደርቆ በጣቱ ቆጠረ፤
«ሃያ አንድ ሚሊሜትር» ብሎ ተናገረ።
«የሐምሌ ወንበር ነው» አለው ቀና ሳይል፣
«እንግዳ ቤት መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይዋል?»

አንድ ዓመት አለቃ ከካራጋንዳ መጣ፣
ኳኳታው እንቅልፉን ስለነሳው ተቆጣ፤
አስጠበቀው።
ሐምሌ ላይ ሐዲዱ እንደ እባብ ተጣጥፎ፣
ሰባት ፉርጎ ስንዴ ሜዳው ላይ ተራግፎ፣
ወፎቹ ወፈሩ።
አለቃው? ተሾመ፤ አስታና ነው መንደሩ።

የአይዛዳን ካፖርት ስሰፋ፣ ሁለት ጣት
ጨርቅ አጥፌ ከጠርዙ ሥር ደበቅኩላት።
ለልጅ ቀመር የለም፤ በግምት ነው።
አንድ ቀን ግን የባሌን ሠንጠረዥ ገለጥኩት፦
አሉሚኒየም ሃያ ሦስት፣ ነሐስ ዐሥራ ስምንት፣
ከመስተዋት በታች አንድ መስመር፣ ዘይት ጠብቶበት
አይነበብም።
የእኛ ይሆን ብዬ ጥቂት ቆየሁበት።

ከጥር ጀምሮ ተኳርፈናል። ምክንያቱን አልናገርም።
ባቡር በብርድ ሲያልፍ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣
ግድግዳው ሳይቀር ይቆጥራል፤
አየሩ ሲሞቅ ድምፁ ይሳሳል።
ትናንት ሌሊት የከሰል ባቡር አለፈ።
ጀርባውን ሰጥቶኝ የተኛው ሰው ተገላበጠ፣
«ስንት ቀረው?» አለ።
አዳመጥኩ።
«ስድስት» አልኩት። «ቢበዛ ስድስት።»