የእኔ ማኅደር

ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከመንገድ ሥራ ግቢ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ፣ የሰው ዕድሜ ሰብሳቢ።
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ወንበሬ እግሩ ሦስት፣
አራተኛውን ጡብ ተክቶ፣ ኖርን በትዕግሥት።

ማን መቼ ተቀጠረ፣ ማን በስንት ብር፣
ማን ስንት ቀን ቀረ፣ ለሰርግ፣ ለቀብር፣
ከእጄ አያመልጥም። ግሬደር ሲያረጅ
ጓሮ ይጣላል፤ ሰው ሲያረጅ ግን በእኔ እጅ
በቀይ ክር ይታሰራል፤ ይጻፋል “ተሰናባች”፤
ከሱ ሥር ያለው መደርደሪያ ይባላል “የሟች”።

ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ፣ በዱላ ተደግፎ፣
መስኮቴ ሥር ቆመ፣ ባርኔጣውን ገፎ፤
“ስሜ ቢያድግልኝ ነው። ካባይ በረሃ አፋፍ
ሃያ ስምንት ዓመት ድንጋይ ስፈልጥ፣ ጠጠር ሳነጥፍ፤
ወረቀት ግን የሚያውቀኝ ዘጠኝ ዓመት ብቻ፤
ቀሪው ዕድሜዬ ሆነ የአይጥ መጫወቻ።”

ፈለግሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ። ረቡዕ አገኘሁት፤
በሞክሼው ማኅደር ውስጥ ተሰፍቶ አየሁት።
የአባት ስም ተሳስቶ፣ “ተገኘ” እና “ተገኝ”፤
አንዲት ፊደል ናት ያቺ፣ ሰው ያደረገች ለማኝ።

እጄን ሳመኝ። አላለቀሰም፤ እየሳቀ
“አንቺስ፣ የኔ ልጅ” አለኝ፣ “ያንቺስ ተጠበቀ?”

የኔማ!
ዕቅድ አለኝ። ዘጠኝ ወር ይቀረኛል፤
ስልሳ ስሞላ ደመወዝ በደጄ ያልፈኛል።
ጡረታዬን በእርሳስ ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ፣
ከጎኑ የጤፍ ዋጋ አስቀምጬ አይቼዋለሁ፤
ዛሬ ግማሽ ኩንታል ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ
ተመስገን እላለሁ፣ አንዲት ቁና ከሞላ።

ለዚህ ነው ዕቁቤ ሁለት ጊዜ ሲደርሰኝ
ቀሚስ ያልገዛሁበት፣ ሰፈሩ ሲያማኝ።
በመጀመሪያው ዕጣ ቆርቆሮና ማገር፣
በሁለተኛው ጭቃ፣ በርና ምስማር፤
ሁለት የጓሮ ክፍል፣ ተማሪ ሊከራየው፣
መብራት ሲያመሽ ቆጣሪውን ተነሥቼ ላየው።

ጎዛምን፣ ካባቴ መሬት፣ ከገደሉ ጥግ፣
ሦስት መቶ ባሕር ዛፍ አለ፣ ያለ ወግ ማዕረግ፤
ውሃ የሚጠጣ፣
ጎረቤት የሚያስቆጣ፣
በሰባት ዓመቱ ግን አጣና ሆኖ የሚመጣ።

ልጄ ከባሕር ዳር ደውሎ “እኔስ የለሁም ወይ?” ይላል፤
አለህ፤ ግን ያንተንም ደመወዝ የቤት ኪራይ ይበላል።
እጅ ለልጅም ቢሆን ሲዘረጋ ይከብዳል፤
ካጠባሁት ልጅ ፊት አንገቴ ለምን ይወርዳል?

ሁሉን አስልቻለሁ።

ያ ጥያቄ ግን ሌሊቱን ከራሴ ሥር አደረ፤
ጠዋት ማኅደሬን ሳወጣ ክሩ እንኳ ጠጠረ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ስከፍት ስዘጋ፣
የራሴን አልነካሁም፤ “የት ይሄዳል” ስል ነጋ።

ጉርድ ፎቶዬ አለ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ፤
አለ የወሊድ ፈቃድ፣ አለ የኀዘን፣ የእናቴ፤
የቅጥር ደብዳቤዬ ግን፣ ያ የመጀመሪያው፣
የለም።
የስፒሉ ዝገት ብቻ ነው የቀረው።

ሳቄ መጣ። ለሰው አጥር ሳጥር የኖርኩ እኔ፣
በሬን ረስቼዋለሁ በገዛ ዘመኔ።
ወረቀት አወጣሁ፤ “ለመዝገብ ቤት ክፍል፣
ከመዝገብ ቤት ክፍል” ብዬ ማመልከቻ ስከፍል፣
ይታያል፣ ጀማሪው ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፤
“እትዬ የሻረግ፣ ሰው ለራሱ ያመለክታል?”

“ያንተስ ደብዳቤ የት አለ?” አልሁት። ኪሱን ዳበሰ፤
ሳቁ ከከንፈሩ ላይ ቀስ እያለ ፈሰሰ።
ሦስት ኮፒ አድርግ ብዬ ሰደድሁት፤ ወዲያው ተመለሰ፤
“መብራት ጠፋ፤ ነገ” አለ።

ነገ። ይቺን ቃል ዐውቃታለሁ፤
በቀይ ክር ታስራ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አይቻታለሁ።
እስክሪብቶዬን ሰጠሁት፣ ወንበሬን ለቀቅሁለት፤
“በእጅህ ገልብጥ፤ ጡቧን ግን እንዳትነካት” አልሁት።