የታችኛው መስመር

እሱም በጩኸት አዳሪ፣ እኔም በጩኸት አዳሪ፤
እሱ ከጅማ መናኸሪያ፣ የአጋሮ መኪና ጠሪ፣
እኔ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣
«ንፋ! ንፋ! ጨምር! ጨምር! እንዳታቋርጥ!»
የምል ትንፋሽ ለኪ።

መጣ ሸምሰዲን በክረምት፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣
አራት ዓመት የተጻፈ፣ «አስም ነው፣ አስም ነው» ተብሎ።
ሰማያዊዋ መንፊያ ከኪሱ ጠፍታ አታውቅም፤
ይስባታል፣ ይስባታል፤ አንቆ የያዘውን አታስለቅቅም።

ነጂሃ፣ ሚስቱ፣ «ዶክተር» አለችኝ
(አይደለሁም፤ ግን ደስ አለኝ)፣
«ሌሊት ሰላም ያድራል እሱ፤ የገበያ ቀን ነው የሚያመው፣
ሰው ሲበዛ፣ ሾፌር ሲቆጣው፤
እዚህ ጋ» ብላ ጉሮሮዋን ያዘች፣ «እዚህ ነው እሚያንቀው።»

አፍንጫውን ቆንጥጬ፣ ቱቦውን በጥርሱ አስነክሼ፣
«ንፋ!» አልኩት፣ እንደ ልማዴ ጮኼ፣ ደግሜ፣ መልሼ።
መስመሩ ሹል ተራራ ሠራ፣ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ፤
የአስም ተራራ ወገቡ ይጎድላል፤ ይሄኛው አልጎደጎደ።
«ደህና ነው» አልኩ።
«ውሸቴን ነው ታዲያ?» አለ፣ ዐይኑ ደፈረሰ፤
የስንቱ ሰው ጥርጣሬ ይሆን እዚያ ውስጥ የተላወሰ?

«ተነሥ» አልኩት። «ሥራህን ሥራ። መናኸሪያውን እዚህ አምጣው።»
አፈረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አጋሮ...» አለ፣ ድምፁን አቅጥኖ።
«ኧረ በዚህ ጥሪ ዶሮም አይሳፈር!»
«አጋሮ! አጋሮ! በደሌ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!»
ከኮሪደሩ አንዲት እናት፣ «በደሌ ስንት ነው?» አለች።

ያኔ መጣ ያ ፉጨት፤
ሲያስወጣ ሳይሆን ሲያስገባ፣ ከደረት ሳይሆን ከአንገት።
ቱቦውን ሰጠሁት። ተራራው እንዳለ ነበረ፤
የታችኛው መስመር ግን፣ አየር የሚገባበት፣
እንደ ጎድጓዳ ሳህን መሆን የነበረበት፣
እንደ ቦዬ ረግረግ ተኛ፣ ዝርግ።

አስም መውጫ ይከለክላል። የዚህ ሰው ጠብ ከመግቢያው ነው።
በሳምንቱ ሐኪሟ በአፍንጫው ቀጭን መብራት ሰዳ አየችው፤
ሁለቱ የድምፅ አውታሮች፣ አየር ሲመጣ ገለል በማለት ፈንታ፣
ተጋጥመው ቆመዋል፣ እንደ ሁለት ወያላ አንድ በር ላይ፣ በአንድ አፍታ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ይኸው፦ በአፍንጫህ አጭር አጭር አሽትት፣
ከዚያ በከንፈርህ «ሽሽሽ» በል፣ ቀስ ብለህ ልቀቃት።

ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ «አጋሮ! በደሌ!» ሲል ሰማሁት፤
መሃል ላይ ቆመ፣ አሸተተ፣ «ሽሽሽ» አለ።
ሰዉ ዝም በሉ ያለው መስሎት፣
ሙሉ መናኸሪያው፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ዝም አለ።