በደረቅ አበሳ

ሐረጎን ስወርድ፣ የኮምቦልቻ ወበቅ ፊቴን ሲልሰኝ፣
ኤሲውን ብከፍተው ሲጢጥ ብሎ ጮኸብኝ።
ቺንጋ ቀየርኩለት፤
ባሰበት።

ይመር ከጋራዡ ደጅ ጆሮውን አዘንብሎ
ቺንጋው ላይ ውሃ ረጨ፣ ሃይላንዱን ዘቅዝቆ፣ ዝም ብሎ።
ጩኸቱ እንዳለ ነው።
«ኤሲውን አጥፋው።»
ጸጥ።
«ክፈተው።»
ቀጭ አለ ፍሪሲዮኑ፤ እሪታው ቀጠለ።
«ፍሪሲዮኑስ ያዘ፤ ኮምፕረሰሩ ነው አልዞርም ያለ፣
ዘይቱ አልቆ የደረቀ።
በደረቅ አበሳ እርጥቡ…» ብሎ ሳቀ፣
ሞተሩን አስጠፍቶ፣
የሚንጠባጠበውን ቺንጋ በጣቱ ነክቶ።

ዋጋውን ጠየቅኩት።
ነገረኝ።
«ሽቦውን ብቻ ንቀልልኝ» አልኩት።

አመሻሽ ላይ ሐረጎን ሽቅብ ስጠመዘዝ፣
መስኮቱ ወርዶ፣ ክንዴ ውጭ፣
የጦሳ ነፋስ ገባ፤
ቺንጋ የለው፣
ዋጋ የለው።