ኬትስ

ድሮ «አኬትስ» ነበር፣ ትርጉሙም ሸመት፤
ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሲንከራተት
«አ»ዋን ጣላት፣
መክተፊያ ላይ እንደሚቀር የዓሣ አናት።

መጋቢው ሆብደይ በላባ ሲከትብ፦
«ኬትስ፤ ከኖርዊች ገበያ፣ ስኳር፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣
ብርቱካን አሥራ ሁለት።»
ዳቦው የለበትም። ቢራው የለበትም።
ታምሲን በውድቅት ተነሥታ ያቦካችው፣
ቤት ያፈራው፣ ያልተገዛው፣
ማን ብሎ ኬትስ ይበለው?

እሷም ቃሉን አታውቀው።
የግብዣው ዋዜማ፣ ሻማው ሲከስም፣
ከምድጃው ጥግ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣
አንዱን ላጠች በጨለማ፤
ጭማቂው በክርኗ ወረደ፣
ሳቋ አፏ ውስጥ ነደደ።

ማለዳ ሆብደይ ቆጠረ።
አሥራ አንድ።
ደግሞ ቆጠረ።
ከቃሉ አንድ ፊደል፣ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ፤
ማን ወሰደ? ሳይታወቅ ቀረ።
የዚያን ዕለት ዳቦ ግን
ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ፣
ከነስም አልባነቱ ከበረ።