አሥራ ሁለተኛዋ ማንካ

ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ነሐሴ ሳይወጣ፣
ለወይዘሮ ዘርትሁን ደብዳቤ መጣ።
ወረቀቱ ወፍራም፣ እንደ ሠርግ ጥሪ፣
ማኅተሙ ሚዳቋ፣ ዘውድ ደፍታ በሪ።

ቧንቧ ውሃ ቤታቸው ቆርቆሮው ያፈሳል፤
ባልዲው ጠብ ጠብ ሲል ቃሌን ይጎርሳል።
«ጮክ በል ሆድየ፤ አባትህ ቢሆን
ዝናብ መች ያግደው» አሉኝ ወይዘሮ ዘርትሁን።

«የካፒቴን ኸልስተን የወንድም ልጅ ነኝ፤
ያጎቴ ማስታወሻ ወደ እርስዎ መራኝ።
አሥራ ሁለት ነበሩ፣ የብር ማንካዎች፣
ንግሥት የሸለመችን፣ ባለ ዘውድ እጀታዎች፤
አሥራ አንዱ ሣጥን ውስጥ አሉ፤ አንዷን ደሴ ላይ
ላባትዎ ሰጥቷል። ልትመለስ ትችላለች ወይ?
ዋጋዋን እንከፍላለን።»

የዚያን ሌሊት ነገር የሰማሁት ካባቴ፤
ሙሄ አስተርጓሚው ይሉታል፤ ሲያወራው ትስቅ ነበር እናቴ።
እንግሊዝኛውን ከኤደን ወደብ ለቅሞ የመጣ።
በሠላሳ ሦስት ነው፣ ጣልያን እንደ ወጣ፤
ፊታውራሪ አበጋዝ ካፒቴኑን እራት ጠሩ፣
እራቱ አለቀና ዘር ሲማዘዙ አደሩ።

«አያቴ» አለ እንግሊዙ፣ «ንግሥ በሚሆንበት
የንጉሡን ካባ ጫፍ እሱ ነው የሚይዝለት፤
አክስቴ ለንግሥቲቱ ሻይ ትቀዳለች።»
ፊታውራሪ ሳቁ፦ «የኔዋ አጥብታለች!
የንጉሥ ልጅ አድጓል፣ ከጡቷ ተጣብቆ።»
አባቴ መኻል ቆመ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ፣
ካባን ካባ ብሎ፣ ጡትን ጡት ብሎ አሻገረ፤
የሰው ስምንት ትውልድ በሰው አፍ ቆጠረ።
የራሱ ቢቆጠር ካያቱ አያልፍም፤
አያቱ አሞሌ ጫኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስም የለም።
ማንም አልጠየቀው።

ሲነጋ ተቃቀፉ፤ «ዘመዴ» ተባባሉ፤
ጎራዴና ማንካ ተለዋወጡ አሉ።
ላባቴ የደረሰው ሲጋራ ነው፤
እሱም ግማሹ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ሣጥናቸውን ሳቡ።
ከግብር ደረሰኝ፣ ከተወረሰ መሬት ካርታ ሥር፣
በነጠላ ቁራጭ ታስራ ወጣች፤ አሁንም ብር።
አገላበጥኋት። አፏ ባንድ ወገን ሳስቷል፤
እጀታዋ ልሙጥ። ዘውዱ የት ገብቷል?

ዝም አሉ። ባልዲው ጠብ አለ።
«በሰባ ሰባት ነው። መጠለያው ሞልቶ፣
ያ ሁሉ ሕፃን ደጃችን ተኝቶ፣
ሌላ ማንካ ሸጬ፣ የቀረችኝ እሷው፤
አጥሚት እሰጥባታለሁ ለዚህኛው፣
በአመድ ፈትጌ ደግሞ ለሌላው፤
በዚያ በፍተጋ ነው ዘውዱ የተበላው።
ያባታቸውን ስም አያውቁም አንዳንዶቹ እንኳ፤
እኔም አጥብቻለሁ፣ በዚህች በማንካ።»

ከዚያ «ጻፍ» አሉኝ።
«ለልጃችን ለኸልስተን፣ ጤና ይስጥልኝ።
ማንካዋ አለች፤ ዘውዱ ግን ተበልቷል በልልኝ።
ያለ ዘውድ ከሆነች ሰው ላኩ፣ ትወሰድ፤
ቀድማችሁ ግን እወቁ፤ በዝቶባታል ዘመድ።»

ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «ተበልቷል» ላይ ቆምሁ፤
«አልቋል» ልበል? «ተውጧል»? ጻፍሁና ሰረዝሁ።
አባቴ ያውቀው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ፖስታ ቤት ወጣሁ።
ቅጹ ስም እስካያት ይላል፣ ለላኪም ለተቀባይም፤
የኔን፣ የሙሄን፣ ያሞሌ ጫኙን ልጅ ጻፍሁ፤
ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም።