ኖራ

«ልብህ ኖራ ይዟል» አለች ዶክተር ኢፍቱ፣
ፊልሙን አንጠልጥላ ከነጩ መብራቱ፤
«ካልሲየም ነው፣ ደድሯል በደም ሥርህ ግድግዳ።»
ሳቅሁ። ኖራ ለእኔ መቼ ሆኖ እንግዳ?
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በክረምት በበጋ፣
የጅማን ቧንቧዎች ስከፍት ስዘጋ፣
ከሂርማታ ገበያ እስከ ጅሬን ዳገት
መፍቻዬን ታጥቄ ስወርድ ስወጣበት፣
ስንቱን ፈትቻለሁ ሆዱ ነጭ የሆነ፣
ጉሮሮው በኖራ ጠቦ የታፈነ።

«ስሚኝማ ልጄ፤ አዌቱ ድልድይ ሥር
ከአባቴ የሚበልጥ አንድ ቧንቧ ነበር።
አዲስ መሐንዲስ መጥቶ ‹ፋቀው› አለኝ፤ ፋቅሁት፤
እንደ ብርሌ አንገት አጥቤ አጠራሁት።
ሌሊቱን በሰባት ቀዳዳ አነባ፣
ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩ ውሃ ውስጥ ገባ።
ለካ ብረቱማ በልቶት ዝገት፣ ድሮ፣
ውሃውን የያዘው ኖራው ነው፣ ዞሮ ዞሮ።»

አልሳቀችም እሷ። እስክሪብቶዋን ጥላ
«ልክ ነህ» አለችኝ፣ ቆየችና፣ ቀስ ብላ፤
«ጠጣሩስ ይቆማል፤ እኔ የምፈራው
ስልባቦት ለብሶ የተኛ ስቡን ነው፤
ስስ ቆዳው ከተቀደደ አንድ ቀን በድንገት፣
ደም ረግቶ ይዘጋል፤ አይቆይም ለሰዓት።»

ተማም ትዝ አለኝ።
ረዳቴ፣ አርባ አንድ ዓመቱ፣ ሸንቃጣ፣
ሐምሌ ላይ፣ ቆጪ ሰፈር፣ ቧንቧ ሊቀጥል ወጣ።
እዚሁ ተነስቶ ፊልሙ ላይ የታየው ጨው የሚያክል ነቁጥ።
ወደቀ፤ ሳይጮኽ፣ መፍቻው ከእጁ ሳያመልጥ።
ለቅሶው ላይ ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው፣
ደረቴን ድንጋይ ሞልቶት በእግሬ የቆምኩት ሰው።

«አትኩራ ደግሞ» አለች፣ ልቤን ሰማች መሰል፤
«ኖራህ የጎርፉ ደረሰኝ ነው፣ ጋሻ አይባል፤
ከጠጣሩ አጠገብ ጭቃ አይጠፋም። ክኒኑን
ማታ ማታ ዋጥ፤ ተው ቅቤና ሲጃራውን።
ከርሞ ስናየው ነጩ ቢጨምር፣ አትደንግጥ፤
ጭቃው ደድሮ ይሆናል፤ ደግ ነው ያ ለውጥ።»

ወጣሁ። ዝናብ ነበር። በቆጪ በኩል ሳልፍ፣
ተማም የገጠማት ቧንቧ፣ ጠብ ጠብ፣ ሳታርፍ።
መፍቻዬን አወጣሁ፤ ግማሽ ዙር አዞርኳት።
ሩብ ብጨምርበት ጥርሷን ነው የምበላት።
አንዲት ጠብታ ቀረች።
ተውኳት።