ከቀለሙ ሥር

«ይኼን አሮጌ ብረት ሐበሻው ይፋቀው፤
ትዕግሥተኛ ነው» አለ ኻልፋን፣ ከየት እንዳወቀው።
ትዕግሥት ብሎ ነገር! ዕዳ ነው ያመጣኝ፣
የሦስት ወር ኪራይ ከአልጋዬ ሊያስወጣኝ።

ዐጅማን፣ ከኸውሩ ዳር፣ ከጀልባ ሠሪ ዳስ፣
እንደ ታመመ በሬ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤
መላጊያ ማሽን ነው፤ ዘመኑ አክትሟል።
አንድ የሆቴል ሰው መጥቶ ዙሪያውን ገላመጠ፤
ለእንግዳ መቀበያው፣ ለጌጥ፣ ዋጋ ቆረጠ፤
«ስሙ በወርቅ ቀለም ጎልቶ ይታይልኝ፤
የቀረው ጥቁር ይሁን፤ ዝገት እንዳታስቀርልኝ።»

ፋቅሁ።

የኻልፋን አባት ነው ሰማያዊ የቀባው፣
ከጀልባ የተረፈ ቀለም ሲያንገበግበው።
ከሥሩ አረንጓዴ፤ ሲላጥ እንደ ቅርፊት፣
ራጋቫን ቀረበ፣ መዶሻውን ጥሎ፤
«ይኼ የካሊከት ነው፤ አያቴ ነው» ብሎ፣
ሽማግሌው አናጢ እጁን ዘረጋለት፤
እንደ ለቅሶ ደራሽ ትንሽ ቆመለት።

ከዚያ በታች ቀይ ነው፤ በቦምቤይ ባቡር ቤት
የፉርጎ ጣውላ ሲልግ የኖረበት ዓመት።
እንደ አለቃ ስድብ ቀዩ አልለቅ አለኝ፤
ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ትከሻዬን ነቀለኝ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ከሆዱ ስም ወጣ፣
ጎበጥ ጎበጥ ያለ ፊደል እየመጣ፦
ኦባድያ ትሬንሆልም እና ልጆቹ፤
ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አንድ፣ በፈረንጆቹ።

«ኦባድያ» አለ ራጋቫን፣ «አያቴ ሲያወራ፣
የመጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚሠራ፤
ከላይ አባት ቆሞ፣ ከታች ልጅ ጎንበስ ብሎ፣
ብናኙ ዓይኑ ላይ እንደ ዶፍ ተከምሮ።
አንድ ቀን ወጣና መጋዙን ጣለው፤
እንፋሎት ይሳበው፣ እኔን በቃኝ አለው።
ብረት አቀለጠ፤ ቤት ሠራ፤ ስም ገዛ፤
መላጊያው በመርከብ በየወደቡ በዛ።
የሰፈሩ መጋዝ ሳቢ፣ እንጀራው ሲቋረጥ፣
በሌሊት እየመጣ መስኮቱን በድንጋይ ቢፈልጥ፣
እሱም በማግስቱ መስኮቱን አሠርቶ
ግማሹን ቀጠረ፣ ግማሹን ረስቶ።»

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«የአንዱን እጅ በላበት፣ ከጣቱ ጀምሮ፤
ከዚያ ነው የመጣው ይኼ ክዳን ቆርቆሮ።
ሁለቱ በውርስ ጠብ ፍርድ ቤት ተገተሩ፤
ለጠበቃ ከፍለው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።
‹እና ልጆቹ› ግን ይጻፋል፣ እንዳለ፣
ልጅ የሌለበት ቤት ብረት እየጣለ።»
«እውነት ነው?» ስለው ሣቀ፤ «እኔ ምኑን አውቄ!
የአያቴን ውሸት ነው የያዝኩት ጠብቄ።»

ከሰዓት በኋላ ከማሽኑ ሥር ተንጋለልኩ፣
የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣
ማንም ባልቀባው ጎን።
እዚያ አንድ አውራ ጣት አገኘሁ።
የሰው አውራ ጣት፣ ከብረቱ ላይ አበጥ ያለ፣
መስመሩ ሊነበብ ጥቂት የቀረው።

ብረት የሚፈሰው በአሸዋ ቅርጽ ነው፤ ያንን አውቃለሁ፤
አቃቂ ማቅለጫ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።
አንድ ሰው እርጥቡን አሸዋ ሲደለድል
ጫን አድርጎት ሄደ፤
ወይ ረስቶ፣ ወይ ሆን ብሎ።
ጣቴን ጣልኩበት። አይገጥምም። የሱ ያንሳል።
ልጅ ነበር እንዴ?
ከአሸዋ ተወልዶ አሸዋ ላይ ደረሰ፣ ብዬ
ልቀኝ ስል ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

የሆቴሉ ሰው መጣ፤ ወርቁን አየ፤ ወደደ።
«ሌላ የሚነበብ አለ?»
«የለም» አልኩ።
ራጋቫን አየኝ፤ ሚስማሩን መምታት ቀጠለ።

የሁለቱን ወር ከፈልኩ። አንዱ አለብኝ።
ማታ፣ ክሬኑ ሳይመጣ፣ ግሪስ በጣቴ ዛቅሁ፤
ከሥር ገባሁና ያቺን እብጠት ቀባሁ፤
ሆቴሉም ባሕር ዳር ነው፣
ጨው አይጠፋውም።